አምስተኛው ነጥብ

«ሰኞ ሰኞ ውሃ የሚቀዳ ሰው፣ ሐሙስ ጠዋት ወንዝ ዳር ምን ይሠራል?»

የጠየቀችው የሟች ሚስት ናት። ኢንስፔክተሯ ያን ጊዜ መልሱን አታውቀውም ነበር። የምትጽፍ መስላ አንገቷን ደፋች እንጂ ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ፊደል አላሰፈረችም።

ሟቹን የመንደሩ ሰው «ጋሽ ጠርሙስ» እያለ ነበር የሚጠራው። ከወንዙ ራስጌ ካለው ተራራ ማዕድን ሊወጣ ነው። ኩባንያው ድንኳኑን ተክሏል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ግን የወንዙ ውሃ አንድ ዓመት ሙሉ እየተለካ መመዝገብ አለበት፤ ነገ «ውሃችን ተበላሸ» የሚል ቢመጣ ማመሳከሪያው ያ መዝገብ ነው። የውሃ ቢሮው ሥራውን የሰጠው ለጋሽ ጠርሙስ ነበር። ሰኞ ሰኞ ሣጥኑን ተሸክሞ ይወርዳል፣ ከአራት ቦታ ይቀዳል፣ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ዓመቱ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከውሃ መለኪያው ምሰሶ ሥር ሞቶ ተገኘ።

«አዳልጦት ነው» አለ አዛዡ በስልክ።

«በግንባሩ ነው የተደፋው ጌታዬ። የተሰነጠቀው ግን ማጅራቱ ነው።»

«ድንጋይ ቦታ መርጦ አይመታም።»

«ሣጥኑ ደረቅ ቋጥኝ ላይ በደንብ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ይይዛል፣ ሦስቱ የሉም። የሥራ ደብተሩም የለም።»

«ወንዝ ነው እኮ! ወስዶት ይሆናላ።»

«ሣጥኑን ትቶ ደብተሩን መርጦ?»

አዛዡ በረጅሙ ተነፈሰ። «ስሚኝ፤ ረቡዕ የወንዙ ሰነድ ይፈረማል። ከላይ ሰዎች ይመጣሉ። እስከዚያ የሚጨበጥ ነገር ካላመጣሽ መዝገቡ በአደጋ ይዘጋል።»

ስልኩ ተዘጋ። አጠገቧ የቆመው ሳጅን ጡረታው የደረሰ፣ ከቀልድ በቀር ምንም ያልሰነቀ ሰው ነበር።

«ረቡዕ ማለት ቅዳሜና እሁድን ሲቀንሱ ሦስት ቀን ነው» አለ። «ለመኪናው ነዳጅ ስንለምን የሚያልፈውን ሲቀንሱ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል።»

አልሳቀችም። የሟች ሚስት በር ላይ ቆማ ትሰማቸው ነበር።

«አዳልጦት ነው ሊሉኝ ነው አይደል ልጄ?» አለች። «ሠላሳ ዓመት በዚያ ቋጥኝ ላይ ሲመላለስ ያላዳለጠው ሰው! እንግዲህ ሲያሻቸው ጠጥቶ ነበርም ይላሉ።»

*

አርብን የበላው ባለ ፓምፑ ነው። ከወንዙ ውሃ ስቦ አትክልት ያለማል። ባለፈው ወር በሰው ፊት «ሣጥንህን ይዘህ ካልጠፋህ አንተኑ እነክርሃለሁ» ብሎ በጋሽ ጠርሙስ ላይ ዝቷል።

«ብያለሁ» አለ፣ እጁ የተቀባውን ግሪስ በሱሪው እየጠረገ። «ወንዙን ሲለካ የኔንም ፓምፕ ለካና ‘ከዚህ በላይ አትሳብ’ አለኝ። ተናደድኩ፣ ተናገርኩ። አፍ ነው እንጂ እጅ አልነበረም።»

«ሐሙስ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ጋራዥ። ይኸው፣ ፓምፑ እንደተፈታ ነው።»

«ማን አይቶዎታል?»

«ያላየኝ ማን አለ ብለሽ ነው አንቺ ልጅ? ከመካኒኩ ጋር ስጨቃጨቅ ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ፈቶ ነው የዋለው።»

ጋራዥ ሄዱ። ስድስት ሰው መሰከረ። ሰባተኛው ጭቅጭቁን ከነሰዓቱ በስልኩ ቀርጾታል፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ሳጅኑ እስከ መጨረሻው ካላየሁ ብሎ ችክ አለ።

ቀጥሎ ሾፌሩ ነው። የውሃ ቢሮው መኪና ሐሙስ ጠዋት ያለ ጉዞ ወረቀት ከግቢ ወጥቷል። ስልኩ ዝግ ነው። ቅዳሜ ተይዞ መጣ፤ መጣና አፉን ለጎመ። ቅዳሜን ዝም፣ እሁድን ዝም። አዛዡ «በቃ እሱ ነው፤ ወይ እሱ ነው፣ ወይ አደጋ ነው» እያለ ሁለቴ ደወለ። ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ትዕግስቷ አለቀ።

«ቤተሰብ የለህም? እናት የለህም? ዓመት ሙሉ አብረኸው የዋልከው ሰው ሞቶ ዝም ትላለህ?»

ሾፌሩ ማልቀስ ጀመረ። «ጡብ ነበር የማመላልሰው።»

«ምን?»

«ጡብ። በቢሮው መኪና። ለእህቴ ቤት።»

«ይህን ለማለት ሁለት ቀን ፈጀብህ?»

«ሥራዬን ባጣስ?»

ሳጅኑ እህትየው ዘንድ ሄዶ ጡቡን አየ፣ ግንበኞቹን ጠየቀ። እውነት ነው። ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው፤ ተንከባሎ ሾፌሩ እግር ሥር ወደቀ። አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አላት። «ጋሽ ጠርሙስ ረቡዕ ከሰዓት ከመጋዘን አዲስ ሣጥን አውጥቷል። ‘ላቦራቶሪ ደርሶ የመጣ ጠርሙስ አልፈልግም፣ ያልተነካ ስጡኝ’ ብሎ። ጠርሙስ ሁሉ ሥሩ ላይ በምስማር ቁጥር ይጭርበታል። ያን ቀን ሣጥኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ከዘጠና ሰባት ነው የጀመረው።»

ኢንስፔክተሯ ሣጥኑን አስመጥታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ከመቶ እስከ መቶ ስምንት አሉ። የጠፉት ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንትና ዘጠና ዘጠኝ ናቸው። ቁጥሩን ጻፈች። ምን እንደሚጠቅማት ግን አልታያትም።

*

የኩባንያው ኢንጂነር በድንኳን ቢሮው ውስጥ ንጹህ ወንበር አቀረበላቸው። ኢንስፔክተሯ በልቧ ነገሩን ጨርሳ ነበር የገባችው፦ ኩባንያው ወንዙ ንጹህ ነው እንዲባልለት ፈልጓል፣ ሰውየው እምቢ ብሏል፣ አለቀ።

ኢንጂነሩ ወረቀት ገፋ አደረገላት።

«ይህንን አይተውታል? አርሰኒክ ይባላል፤ ከድንጋይ ውስጥ የሚወጣ መርዝ ነው። ከነጥብ አንድ እስከ ነጥብ አራት ዓመቱን ሙሉ አለ። ባለፈው ወር ሰውየው አምስተኛ ነጥብ ጨምሮ ነበር፤ እዚያም ያው ነው። እኛ ገና አካፋ አላነሳንም ኢንስፔክተር። ወንዙን ንጹህ ለማስባል ሰው የምንገድል ከሆንን፣ ወረቀቱ ለምን እንዲህ ይላል?»

ወረቀቱን ደግማ ደጋግማ አየችው። አምስቱም ነጥብ ላይ መርዝ አለ። ከሥር «ባዶ፦ የለም» የሚል መስመር አለ።

«ባዶ ምንድን ነው?»

«የተጣራ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ነው። ከሌሎቹ ጋር ወንዝ ደርሶ ይመለሳል። እሱ ንጹህ ከሆነ አቀዳዱም አለካኩም ንጹህ ነበር ማለት ነው። ላቦራቶሪው ሥራውን ያውቃል።»

ሲወጡ ሳጅኑ «ሻይ እንኳ አላስጠጣንም» አለ።

ላቦራቶሪውን የሚመራው ኬሚስት ከጋሽ ጠርሙስ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነበር። ሃያ ዓመት በዚያ ቤት ሠርቷል። ስለ ሟቹ ሲነሳ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ረቡዕ ደውሎልዎት ነበር» አለችው።

«አዎ። ውጤቱ ደርሶኛል ብሎ ሊያመሰግነኝ።»

«ሐሙስ ጠዋትስ?»

«እዚሁ ማሽኑ ላይ ነበርኩ።» የታተመ ወረቀት አወጣላት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በየአራት ደቂቃው አንድ ልኬት። ከወንዙ እስከ ላቦራቶሪው በሞተር ሳይክል ግማሽ ሰዓት ነው፤ በአራት ደቂቃ ደርሶ የሚመለስ ሰው የለም።

«እህቴ፣ የሚቻለኝን ሁሉ አግዛለሁ» አላት ሲሸኛት። «ልጅነታችንን ነው የቀበርኩት።»

መንገድ ላይ መኪናው ቆመ። ነዳጅ የለም። ኢንስፔክተሯ ወርዳ በሩን በርግጫ አለችው።

«እሱ ምን አደረገ?» አለ ሳጅኑ።

*

በእግሯ ወደ ሟች ቤት ሄደች። የምትነግራት ነገር አልነበራትም፤ ዝም ብላ ከምትቀር ግን ሄዳ አላውቅም ማለት ይሻላል።

ሴትየዋ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግታ ነበር። ባለፈው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ጀምራለች።

«አስተማሪዋ ‘ቤት ያገኛችሁትን ጽሑፍ እየገለበጣችሁ ተለማመዱ’ ትለናለች» አለች። «እኛ ቤት ምን ጽሑፍ አለ? የእሱ የሥራ ደብተር ነው ያለው። እሱም እኔ እንዳነብለት ብሎ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጎ ይጽፍ ጀመር። ማታ ማታ እገለብጠዋለሁ፣ ስሳሳት ይስቅብኛል።»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። «የጠፋውን ደብተር ገልብጠውታል?»

«ሁሉንም አይደለም። የደረስኩበትን።»

«ያንብቡልኝ እስቲ እናቴ።»

ሴትየዋ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስገባች። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ድንጋይ እያነሳች ታስቀምጠው ነበር።

«ነ-ጥ-ብ... ነጥብ አራት። ድ-ል-ድ-ዩ ሥር። ውሃው የ-ጠ-ራ። ነጥብ... አ-ም-ስ-ተ-ኛ።» ቆመች፤ ተነፈሰች። «ከ-ጤ-ና ጣ-ቢ-ያ ያመጣሁት የተ-ጣ-ራ ውሃ። ለ-ማ-ን-ም አ-ል-ተ-ነ-ገ-ረ-ም።»



«ይድገሙልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ደገመችላት። አምስተኛው ነጥብ ወንዙ ላይ የለም። ጋሽ ጠርሙስ የጤና ጣቢያ ንጹህ ውሃ ሞልቶ፣ የወንዝ ውሃ አስመስሎ ቁጥር ሰጥቶ ልኳል። ንጹሁ ውሃ መርዝ አለው ተብሎ ተመልሷል።

«ምን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«‘ሃምሳ ዓመት የጠጣነው ውሃ እንዴት መርዝ ይሆናል? ወይ እኔ ተሳስቻለሁ ወይ ወረቀቱ’ እያለ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።» ሴትየዋ ደብተሩን ወደ እሷ ገፋችው። «ፊደሌ አያምርም፤ ይነበባል ግን።»

*

ጋሽ ጠርሙስ ከየነጥቡ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ነበር የሚቀዳው። አንዱ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ምናልባት መርማሪ ቢመጣ ተብሎ በውሃ ቢሮው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ፍሪጁን አስከፈተች። የባለፈው ወር ጠርሙሶች በሙሉ አሉ። ከኋላቸው በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ጠብታ ማንጠባጠቢያ አገኘች። በሰኞ ሥራው ጊዜ ውሃው ሳይለወጥ ላቦራቶሪ እንዲደርስ በየጠርሙሱ ጥቂት ጠብታ አሲድ ይጨመርበታል፤ ይህችው ናት። ሐሙስ ግን ይዟት አልሄደም።

ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ውሃ ያለ ጠብታ ለራሷ ቀዳችና አራት ሰዓት ተጉዘው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ላቦራቶሪ ደረሱ። በር ላይ «ማኅተም ያለው ደብዳቤ» ተባሉ። ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው የት እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ነገ ረቡዕ ነው። ሳጅኑ ተነሥቶ ገባና ከአንዲት ባለሙያ ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ ተመለሰ።

«ደብዳቤው ነገ በፋክስ ይመጣል ብያታለሁ» አለ።

«ፋክስ አለን እንዴ?»

«የለንም።»

ባለሙያዋ ወፍራምና ቸኳይ ሴት ናት። ጠርሙሶቹን ትሪ ላይ ደርድራ ማሽኑ ውስጥ አስገባች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች፣ ምሳዋን አውጥታ ወደ በሩ ሄደች።

«የት ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ ደንግጣ።

«ምሳ።»

«ማን ይለካዋል?»

«እሱ ነዋ! መርፌው ራሱ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ይሄዳል። እኔ ብቆም ብቀመጥ ለእሱ ምን ገዶት?»

ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ተያዩ። የኬሚስቱ አራት ሰዓት እዚያው ኮሪደር ላይ ፈረሰ።

ውጤቱ ወጣ። ከፍሪጁ የመጡት በሙሉ መርዝ አለባቸው፤ አምስተኛው ነጥብም፣ «ባዶ» ተብሎ የተጻፈበትም። ያለ ጠብታ የተቀዳው ውሃ ንጹህ ነው። ባለሙያዋ ከማንጠባጠቢያዋ አንዲት ጠብታ ወስዳ ለካችና አፏን ያዘች።

«መርዙ እዚህ ውስጥ ነው! ይህን ያዘጋጀው ማነው?»

ማንጠባጠቢያዋ ላይ ቀኑ በኬሚስቱ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። ምስኪኑ ጋሽ ጠርሙስ ዓመቱን ሙሉ በገዛ እጁ ሲያንጠባጥብ ኖሯል።

«ግን እኮ ‘ባዶ’ መርዝ የለውም ብሎ ጽፏል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እሱማ እንዳይጠረጠር ነው። የተጣራ ውሃ ውስጥ መርዝ ተገኘ ብሎ ቢጽፍ ሥራው ሁሉ ይወድቅበታል። የቱን መዋሸት እንዳለበት ያውቅ ነበር ማለት ነው። አምስተኛውን ግን አላወቀውም።»

ሲመለሱ ኢንስፔክተሯ አንድ ነገር አልዋጥልሽ አላት። «ወንዙን ማቆሸሽ ለማን ይጠቅማል? ኩባንያው የሚፈልገው ንጹህ ወንዝ አይደለም?»

ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ፣ «እኔ የመጀመሪያ ቤቴን ስከራይ» አለ፣ «አከራዬን ግድግዳው ድሮም የተሰነጠቀ ነው ብዬ አስፈረምኩት። አልተሰነጠቀም ነበር። ስወጣ ግን ልጆቼ ያፈረሱትን ሁሉ ማን ጠየቀኝ?»

ኢንስፔክተሯ ዞራ አየችው። ነገ ከተፈረመ ወንዙ «ድሮም መርዝ ነበረበት» ነው። ከዚያ በኋላ ተራራው ሥር የሚታመም ሰው ሁሉ የሚከሰው የለውም።

«ነዳጁ እስከዚያ ይበቃናል?» አለች።

«ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አጠፋለሁ።»

*

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላቦራቶሪው ገቡ። ኬሚስቱ ለፊርማው ሥነ ሥርዓት ከረባት አስሮ ነበር።

«ምን ልርዳዎት?»

«ጠርሙስ ፍለጋ ላይ ነኝ» አለች።

ከመታጠቢያው በላይ ግድግዳውን የሞላ ማድረቂያ መደርደሪያ አለ። የታጠቡ ጠርሙሶች አፋቸውን ወደ ታች ደፍተው ተሰልፈዋል፤ ወደ ሁለት መቶ ይሆናሉ። ሥራቸው ወደ ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ ከዳር ጀምራ አንድ በአንድ አየች። ሠላሳ አራት። ሰባ አንድ። ስምንት። ኬሚስቱ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ቀስ እያለ ከረባቱን ማላላት ጀመረ።

በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ ቆመች።

«ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ» አለች። «ከመጋዘን ረቡዕ ከሰዓት የወጡ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ሟቹ እጅ ነበሩ። እዚህ ማን አመጣቸው?»

ኬሚስቱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ለምን አልጣልካቸውም?» አለ ሳጅኑ። ነገሩ ከልቡ አስገርሞት ነበር። «ወንዝ ዳር ቆመህ!»

«ሃያ ዓመት ጠርሙስ ጥዬ አላውቅም» አለ ኬሚስቱ። «ይዤ መጣሁ፣ አጠብኩ፣ ደፋሁ። እጄ ነው። አላሰብኩትም።»

ከዚያ ማቆም አቃተው። ኢንጂነሩ የማዕድኑን ላቦራቶሪ ትመራለህ ብሎታል፤ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ማሽን። ቁጥር ብቻ መስሎት ነበር። ቁጥሩን ብቻ እንዳይለውጥ ፍሪጁ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ያሳጡታል፤ ስለዚህ መርዙን ጠብታው ውስጥ ጨመረው። ረቡዕ ጋሽ ጠርሙስ ደወለለት።

«እኔን አልጠረጠረኝም እኮ» አለ ኬሚስቱ። «‘ጠብታዋ ተበላሽታ መሰለኝ ወንድሜ፣ ነገ ያለ ጠብታ ቀድቼ አመጣልሃለሁ፣ ቀድመህ ለካልኝ’ ነው ያለኝ። ሄጄ ለመንኩት። ተወው አልኩት። ያኔ ነው የገባው። ጀርባውን ሰጥቶኝ መጻፉን ቀጠለ። የውሃውን ጥልቀት የሚለካበት ብረት አጠገቤ ነበር፤ አነሣሁት።»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን አውጥታ እጁ ላይ ቆለፈች።

አዛዡ ጋ ደወለች። ሰባት ጊዜ ጠርቶ አልተነሣም፤ ስብሰባ አዳራሽ ነው። ራሷ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አበባ ተቀምጧል፣ ሰነዱ ተከፍቷል። አዛዡ ከወንበሩ ተነሥቶ ኮሪደር ላይ ሰማት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ኢንጂነሩስ?» አለችው። «ከትናንት ጀምሮ በር ላይ ሰው ይቁምበት ብዬ መልእክት ልኬ ነበር።»

«መልእክትሽን አሁን ነው ያየሁት» አለ አዛዡ።

ድንኳኑ ሲደርሱ አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣው የለም።

ፊርማው ተሰረዘ። መዝገቡ ተቀደደና ዓመቱ ከአንደኛው ሰኞ እንደገና ይጀመር ተባለ። ኢንስፔክተሯ የሟቹ ቤት ሄዳ የመጀመሪያ ጥያቄዋን መልስ ነገረቻት፤ ለምን ሐሙስ፣ ለምን ያለ ጠብታ፣ ለማን ብሎ። ሴትየዋ ጣልቃ ሳትገባ ሰማቻት።

«ታዲያ ውሃው ደህና ነው?»

«ደህና ነው እናቴ።»

«እስከ መቼ?»



ኬሚስቱ ታሰረ። ኢንጂነሩ ከአገር ወጣ ተባለ፤ ኩባንያው «በግሉ ያደረገው ነው» ብሎ ደብዳቤ ጻፈና በቦታው ሌላ ኢንጂነር ላከ። ድንኳኖቹ አልተነሡም። ሾፌሩ በጡቡ ምክንያት ከሥራ ተባረረ። ኢንስፔክተሯ በሁለተኛው ወር ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረች፤ ምክንያቱን የነገራት የለም። የሟች ልጅ ሕፃናቷን ይዛ ከወንዙ ሸሽታ ወደ ከተማ ሄደች፤ እናቷንም ነይ ብላ ለምናት ነበር። ሴትየዋ ግን «ውሃውን ማን ያያል?» ብላ አልሄደችም።